የሎስ ሳንቶስ ሌባና የመገናኛ ቡና

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን አንድ አመል አምጥቷል። ያየውን ሰው ሁሉ «ዓላማው ምንድነው?» ይላል።

ሊስትሮው ጫማዬን ወልውሎ ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሶሉም ለቋል፤ ልስፋው?» አለኝ። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የዚህ ሰውዬ ዓላማ ምን ይመስልሃል?» ይለኛል። ዓላማውማ ገንዘብ ነዋ! ጫማ ሰፍቶ ፓርላማ ሊገባ ነው? «አይደለም ጋሼ» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ። «ገንዘቡ ላይ ላዩን ነው። ከሥር ሌላ ነገር አለ።»

ባለፈው የአከራያችን ባለቤት ከሚካኤል ዝክር ድፎ ዳቦ ላከችልን። እጃችንን ስንዘረጋ «ቆይ!» አለ። «ባለፈው ወር አልላከችም። አምናም አልላከችም። ዛሬ ምን ተገኘ?» እህቴ፣ «የሰው ዝክር እየበላህ ሰው አትማ!» ብላ ጮኸችበት። በሳምንቱ ኪራይ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ልጁን የሚችለው ጠፋ።

የሰው ሆድ፣ የወፍ ወንድ አይታወቅም ይላሉ አባቶች። እሱ ግን የሰው ሆድ ይታወቃል ባይ ነው። ለወፏም ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ሳይል አይቀርም።

አመሉን ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። ከስልኩ ነው። ግራንድ ቴፍት አውቶ አምስት የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ስለሆነ፣ መገናኛ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ቀን ጎራ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መኪና ትነጥቃለህ፣ ትጋጫለህ፣ ፖሊስ ያባርርሃል፣ ሰዓትህ ያልቅና ለቀጣዩ ልጅ ትለቃለህ። የእህቴ ልጅ የሚከታተለው ግን ሌላ ነው። ፋይቭኤም በሚባል ፕሮግራም ሰዎች በዚያው ጌም ላይ የራሳቸውን ሰርቨር ከፍተው ይጫወታሉ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ኖፒክስል ነው። 200 ገደማ ሰው በአንድ ጊዜ እዚያ ይገባል። እያንዳንዱ ስም ያወጣል፣ ድምፁን ይቀይራል፣ «የተወለድኩት እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ አባቴ እንዲህ አድርጎኝ ነው እንዲህ የሆንኩት» የሚል ታሪክ ይፈጥራል። አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። ከዚያ ይኖራሉ። ሕዝቡ ደግሞ በትዊችና በዩቲዩብ ቀጥታ ቁጭ ብሎ ሲኖሩ ያያቸዋል።

እኛ ልጅ ሆነን እቃ እቃ ስንጫወት «እኔ አባት፣ አንቺ እናት፣ አንተ እንግዳ ሆነህ ና» እየተባባልን በቆርኪ ወጥ ስንሠራ እንደነበረው መሆኑ ነው። ልዩነቱ የእኛን እቃ እቃ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተመልካች አላየውም። እናታችን አይታው «ተነሱ ከአፈር ላይ!» ብላለች፣ በዚሁ አብቅቷል።

እኔን የገረመኝ ሰልፉ ነው። ወደዚያች ከተማ ለመግባት መጀመሪያ ማመልከቻ ይጻፋል። ከተፈቀደልህ በኋላም ሰርቨሩ ሞልቷል ተብለህ ለሰዓታት ወረፋ ትጠብቃለህ። ያንን ሁሉ ጠብቆ የገባው ሰው ምን ይሠራል? ታክሲ ይነዳል! ቆሻሻ የሚያነሳም አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። ነገሩን በማለዳ መገናኛ ላይ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ለያዘ ሰው አስረዱት እስቲ። «ፈረንጅ ተሰልፎ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ተዝናናሁ ብሎ ይተኛል» ብትሉት ይስቃል ወይስ ይማታል?

ከተማዋ ሎስ ሳንቶስ ትባላለች፤ የተቀዳችው ከሎስ አንጀለስ ነው። እውነተኛዋ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር አላት። እኔም በጨዋታዋ ከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሽሮ ቤት አይጠፋም ብዬ ከልጁ ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ ፈለግሁ። አላየሁም። ሌባው ሁሉ ሳንድዊች ነው የሚበላው።

ትርዒቱ የሚሞቀው በአሜሪካ ማታ ነው። ሎስ አንጀለስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲል እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅልም ረከስ ስለሚል ነገሩ ተመቻቸ። እህቴ ለኪዳን ስትነሳ እሱም ይነሳል። እሷ ነጠላዋን ትለብሳለች፣ እሱ ጋቢውን ይከናነባል። እሷ ወደ የካ ሚካኤል ትሄዳለች፣ እሱ ወደ ሎስ ሳንቶስ። መጀመሪያ ሰሞን ልጄ ለጸሎት መነሳት ጀመረ ብላ ለንስሐ አባቷ በኩራት ነግራቸው ነበር። አንድ ሌሊት «አትግባ! አትግባ! ፖሊሶቹ በጓሮ ናቸው!» ብሎ ሲጮህ እሷም ጮኸች፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ዘበኛውም ዱላውን ይዞ ጓሯችንን ፈተሸ። ንስሐ አባቷን እስከ ዛሬ አላረመቻቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁና ጓደኞቹ ጀበና ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። ቡና የምታፈላላቸውን ሴትዮ «ማዘር» ይሏታል። ማዘር ድሮ መንገድ ዳር ነበረች። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ሲያሳምረው እሷ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ገባች። ስድስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ የማይዘጋ በር። ወጣቶቹ እዚያ ተደርድረው በአንድ ስልክ ላይ ያቀረቅሩና፣ የቀጥታው ሥርጭት ሲያልቅባቸው የድሮውን ቅጂ ይቆፍራሉ።

አሁን የያዙት ሦስተኛው ኖፒክስል እ.ኤ.አ. በ2021 ከተከፈተ በኋላ የሆነውን ነው። መጨረሻውን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ አለ። እሱ ፊቱ እንዳይነበብ ጀርባውን ሰጥቶ ለብቻው በር ላይ እንዲቀመጥ ተፈርዶበታል። ቡናው እንኳ ከኋላ ነው የሚቀበለው።

ክርክሩ በሁለት ገጸ ባሕርያት ላይ ነው። ላንግ ቡዳ የዘራፊ ቡድን አለቃ ነው፤ ሰው በቀላሉ አያምንም። ዩኖ ሲክ ደግሞ የባንክ ካዝና በኮምፒውተር ሰብሮ የሚከፍት፣ ድምፁ እንደ ሰንበት ተማሪ የለሰለሰ፣ ከሌባውም ከፖሊሱም ጋር ሰላም ሆኖ የሚኖር ልጅ ነው።

«ዩኖ ይከዳቸዋል» አለ አንዱ።

«በምን አወቅህ?»

«ለሁሉም እሺ ይላል። እሺ የሚል ሰው ያስፈራል።»

«እሺ የሚለው ፈሪ ስለሆነ ነው።»

«ፈሪ ባንክ ይዘርፋል?»

«ፈሪ ስለሆነ ነዋ የሚዘርፈው! እምቢ ማለት ፈርቶ!»

ይቺ ሐሳብ ከበደችኝ። ፈርተው እሺ ስላሉ ብቻ ኮሚቴ የገቡ፣ ዋስ የፈረሙ፣ ሚዜ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ። ባንክ የዘረፈ ግን አልገጠመኝም።

የእህቴ ልጅ አቋሙ ሌላ ነው። እሱ እንደሚለው መጀመሪያ የሚከዳው ላንግ ነው። ምክንያቱም ሰውን የማያምን ሰው፣ ይከዱኛል ብሎ ከመጠበቅ ቀድሞ ከድቶ መገላገልን ይመርጣል። ለዚህም ማስረጃ አድርጎ የአከራያችንን ባለቤት ጠቀሰ። አግባብነቱ አልገባኝም፤ ግን ማንም አልተቃወመም።

ይኼን ሁሉ ጊዜ ማዘር ቡናዋን እየቆላች ስልኩን ሳታይ በጆሮዋ ብቻ ስትከታተል ኖራለች። ማንከሽከሻውን አሳረፈችና፣ «ቆይ እስቲ» አለች፣ «እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?»

ዝም አሉ።

«ሲዘርፍ ያደረ ልጅ ጠዋት ሲገባ፣ 'የት አደርክ?' የሚለው ሰው ይጠፋል? አንዳቸው እንኳ ስልክ ተደውሎላቸው፣ 'እማዬ መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ' ሲሉ ሰምታችኋል?»

ተጠያየቁ። ማንም አልሰማም። አንዱ፣ «እውነቷን ነው፤ ታሪኩ ላይ ክፍተት አለ» ብሎ ስልኩ ላይ መዘገበ። ማዘር የመጀመሪያውን ጭስ ወደ አፍንጫቸው አዙራ፣ «እናት ቢኖራቸው እኮ እዚህ አይደርሱም ነበር» ብላ ፈረደች። በር ላይ የተቀመጠው ልጅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እየሳቀ ይሁን ሊነግራት እየታገለ አልለየሁም።

ወጣቶቹን ስተች ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። እኛስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብር ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ጉዱ ካሳ እብድ ነው ጤነኛ በሚል ቤተ ዘመድ ለሁለት ተከፍሎ አልነበረም? አክስቴ በዛብህን ከሬዲዮኑ አውጥታ የምትመክረው ይመስል፣ «ተው አንተ ልጅ!» ስትል ወጡ ያርርባት ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ «ሰው ለሰው» መጣና፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ይታሰራል አይታሰርም በሚል የቢራ ውርርድ ተያዘ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የቱርክ ሙሽሮች በአማርኛ እያለቀሱ ሳሎናችን ገቡ። የእነሱን ሐሳብ ስንመረምር የራሳችን ሙሽሮች ፍቺ አመለጠን።

ያኔ ግን ደራሲ ነበር። በዛብህ ምን እንደሚሆን ሐዲስ ዓለማየሁ ያውቁታል፤ ብንከራከር ባንከራከር ተጽፎ አልቋል። የልጆቹ ትርዒት ደራሲ የለውም። ላንግን የሚጫወተው ሰው ራሱ ነገ ማን መኪናውን እንደሚገጭበት፣ የቱ ፖሊስ ኮርነር ላይ እንደሚጠብቀው አያውቅም። ሌባው ለሳምንታት ያቀደውን ዘረፋ አዲስ የተቀጠረ ፖሊስ መንገድ ጠፍቶበት መጥቶ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ «ምን ሊያደርግ ይችላል? ለምን?» ብሎ ማሰላሰል እዚያ ቁም ነገር ነው። ሞት እንኳ በፈቃድ ነው። ገጸ ባሕርይህ ጨርሶ የሚሞተው በአብዛኛው አንተ ስትስማማ ሲሆን፣ ይኼንንም ፐርማ ይሉታል። አለዚያ ሆስፒታል ገብቶ ይነሳል። በብዙ ሰርቨሮች ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ ማን እንደመታው መርሳት አለበት። እኛ ጋ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣላቸው የየካ ፍርድ ቤት ዳኞች ዓመት እረፍት ይወጡ ነበር።

ከሁሉ ያስደመመኝ ግን ሜታጌሚንግ የሚባለው ወንጀል ነው። ልጁ ሲያስረዳኝ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ተጫዋቹ የምታውቀውን ነገር ገጸ ባሕርይህ ካላየው፣ ካልሰማው፣ ካልተነገረው አያውቀውም። ላንግ በሹክሹክታ ያሴረውን አንተ በስልክህ በሥርጭት ብታየው፣ በሎስ ሳንቶስ ውስጥ እንዳላየህ መሆን አለብህ። ድምፅ እንኳ እንደ ርቀቱ ነው፤ ሰውዬው ራቅ ሲል ወሬው ይጠፋብሃል። ከአንዱ ሥርጭት ወደ ሌላው እየዘለሉ «እከሌ እኮ ሊያጠምድህ ነው» ብለው የሚጽፉ ተመልካቾች ይባረራሉ። ተጫዋቾችም ሕግ ሲጥሱ ይባረራሉ። ኤክስኪውሲ የሚባለው ስመ ጥር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከኖፒክስል ደጋግሞ ተባርሯል። እየተመለሰ፣ እየተባረረ።

ልብ አድርጉ። ያላየኸውን እንዳወቅህ መሆን ክልክል ነው!

ይኼ ሕግ መገናኛ ላይ ቢታወጅ ማን ይተርፋል? እኔ ሥራ የለቀቅሁ ጊዜ ለማንም ሳልነግር ቤቴ ስገባ፣ አከራዬ በር ላይ ቆመው «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሃል» አሉኝ። ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ይዤ እስክደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አርፎ ይጠብቀኝ ነበር። የሰፈራችን ፀጉር ቤት እንዲያውም ለሰው ስለ ራሱ የሚነገርበት ቦታ ነው። እህቴ አንድ ቀን ፀጉሯን ልትሠራ ገብታ ልጇ ሴት መያዙን፣ የልጅቷን ዕድሜ፣ የአባቷን ሥራና የእናቷን የደም ግፊት ሰምታ ወጣች። ልጁ ራሱ ስለ ደም ግፊቱ አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ለልጁ አላዘንኩለትም። እሱ በጨዋታው ሕግ እስከ መጨረሻው የሚያምን ሰው ነው። አንድ ሌሊት ካዝናው ሊከፈት ሲል መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ጠዋት ጓደኞቹ «ምን እንደሆነ ልንገርህ?» ሲሉት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ከመገናኛ እስከ ሾላ ገበያ በእግሩ ሄደ። ያላየሁትን አልሰማም አለ። ስለ አከራያችን ባለቤት ሲሆን ግን ያላየውንም ሰምቶ ያልሰማውንም ይጨምርበታል።

አንድ ነገር ግን አስተምሮኛል፤ መገናኛ ላይ ማየት። ድሮ ሰልፍ ይዤ ታክሲ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ተዋንያኑን ሁሉ አያለሁ። አራት ሰው የጎደለውን ታክሲ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው! የሞላ!» እያለ የሚጠራው ረዳት ከገጸ ባሕርዩ ለአፍታ አይወጣም። የሐኪም ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው «ለደብረ ብርሃን መሳፈሪያ ጎደለኝ» የሚሉት አዛውንትም አሉ። ለዓመታት ደብረ ብርሃን አልደረሱም። ልጁ ቆሞ በአክብሮት ታዘባቸውና፣ «ጋሼ፣ የኋላ ታሪኩን አጥብቆ ነው የያዘው» አለ። ብር አውጥቶም ሰጣቸው። ለምን ስለው፣ «ለወረቀቱ በየጊዜው ላስቲክ ይቀይርለታል። ለሥራው ክብር ያለው ሰው ነው።»

ደላላውን ግን ማንም አይስተካከለውም። ባለፈው ቤት ሊያሳየን ሲግናል አካባቢ ወሰደን። ገና ደረጃውን ሳንወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ ብሩን ጠዋት ይዘው ይምጡ። ቤቱማ የርስዎ ነው። አሁን ሌሎች እያሳየሁ ነው፣ ግን ቃሌ ቃል ነው» ይላል። በዚያው መሐል ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ጠራ። ኃይለኛ የመንዙማ ድምፅ ነው ያለው። ደላላው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሌላ ሰው እየገባብኝ ነው» ብሎ የሌለውን ሰውዬ ዘግቶ፣ የሚደውለውን አነሳ። የእህቴ ልጅ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ቤቱን አልተከራየነውም፤ ልጁ ግን ስልክ ቁጥሩን ተቀበለ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ማዘር ጋ አዲስ ሐሳብ ተነሳ። የራሳችንን ሰርቨር ብንከፍት፣ ከተማውም መገናኛ ቢሆንስ? ኮምፒውተር የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ግን የሚና ክፍፍሉ ወዲያው ተጀመረ። ሁሉም ተራ አስከባሪ መሆን ፈለገ። ሳይነዳ፣ ሳይሳፈር፣ ከሁሉም የሚቀበል እሱ ነው። በዕጣ ተለየ። ሁለተኛው ተፈላጊ ደላላ ሆነ። ፖሊስ የደረሰው ልጅ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ገና ሳይሾም ተስፋ አስቆረጣቸው። መጨረሻውን ያየው ልጅ ነቢይ ይሁን ተባለ፤ ከበሩ ሳይነሳ ተስማማ።

ተሳፋሪ ግን ጠፋ። ማንም ተሳፋሪ መሆን አልፈለገም። ስምንት ሰው የያዘ ከተማ፣ ሰባቱ ከተሳፋሪ ገንዘብ የሚቀበሉ። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ አንተ ሁንልን» አለ የእህቴ ልጅ። «ሰልፍ ላይ ቆመህ ትናደዳለህ። ልምዱም አለህ።»

የኋላ ታሪኬ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁ። ሥራ የለቀቀ፣ ኪራይ የጨመሩበት፣ ሶሉ የለቀቀ ሰው ተባልኩ። ይኼ ሜታጌሚንግ አይደለም ወይ ብዬ ተቃወምኩ። ተማክረው ተቃውሞዬን ውድቅ አደረጉት፤ ጫማዬ በግልጽ ይታያል ተባለ።

ማዘር ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር። «እኔስ?» አለች።

«አንቺማ ማዘር ያው ማዘር ነሽ። ቡና ታፈያለሽ፣ እኛ እየመጣን እንጠጣለን።»

ጀበናውን ማቶቷ ላይ አስቀመጠች። ከረከቦቱ ሥር የዱቤ ደብተሯን አወጣችና የእያንዳንዳቸውን ገጽ አንድ በአንድ ገለጠች።

«በዚያኛው መገናኛም» አለች፣ «በዚህ ደብተር ነው ወይስ ሌላ ልግዛ?»